ሦስት ኮከቦች፣ 96 ሽንፈቶች፦ የዋሽንግተን ናሽናልስ ግንባታ ለምን አልያዘም?

የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ክለብ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2022 ሁዋን ሶቶን ለሳንዲዬጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሲሰጥ የከተማው ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ ገና በ23 ዓመቱ ከሊጉ ምርጥ መቺዎች ተርታ የተሰለፈን ልጅ መስጠት ክለቡን ራሱን እንደ መስጠት ይቆጠራል አለ። ሌላው ወገን ደግሞ ሶቶ በ2024 መጨረሻ ነጻ ተጫዋች ሆኖ መሄዱ ስለማይቀር፣ ዋጋው ጣሪያ በነካበት ሰዓት በወጣቶች መለወጡ የብልህ ሥራ ነው ሲል ተከራከረ። ዓመታት አልፈውም ክርክሩ አልበረደም፤ ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ ድረስ የየራሳቸውን ማስረጃ ማቅረብ ይችላሉ።

በዕለቱ ከሶቶ ጋር ጆሽ ቤል ወደ ሳንዲዬጎ ሄደ። ወደ ዋሽንግተን የመጡት ደግሞ ሲጄ ኤብራምስ፣ መኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰል እና ሃርሊን ሱሳና የተባሉ አምስት ወጣቶች፣ እንዲሁም አንጋፋው ሉክ ቮይት ነበሩ። ከአምስቱ ወጣቶች ሦስቱ የዓመቱ ምርጦች ለሚጫወቱበት የኦል ስታር ጨዋታ ተመርጠዋል፤ ኤብራምስ በ2024፣ ጎር እና ዉድ በ2025። አንድ ክለብ ኮከቡን ለውጦ ከተቀበላቸው ልጆች ሦስቱ እዚህ ደረጃ ሲደርሱ ማየት እምብዛም የማያጋጥም ነገር ነው። ይሁንና በዚያው በ2025 ናሽናልስ 66 ጊዜ አሸንፎ 96 ጊዜ ተሸነፈ። የ2019ን ሻምፒዮንነት ካገኘ ወዲህ ባሉት ስድስት የውድድር ዘመናት አንድ ጊዜ እንኳ ከግማሽ በላይ ጨዋታዎቹን አላሸነፈም።

እነዚህ ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን መቆማቸው ሊመረመር ይገባዋል። በእኔ እምነት ልውውጡ ትክክል ነበር፤ ከልውውጡ በኋላ መሠራት የነበረበት ሥራ ግን አልተሠራም፤ በተለይም ለወጣቶቹ መቺዎች የሚመጥን የወርዋሪዎች ተራ አልተገነባም። ደጋፊው ስለ ሶቶ እና ስለ ዉድ ሲሟገት የክለቡ ባለቤቶች ይህን ዋና ጥያቄ ሳይጠየቁ አልፈዋል።

በእግር ኳስ ላደገ አንባቢ የአሠራሩን መሠረት አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ክለብ ተጫዋቹን ሲሸጥ ገንዘብ ይቀበላል፤ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ግን ተጫዋች በአብዛኛው የሚለወጠው በተጫዋች ነው። ወደ ዋናው ሊግ ያደገ ወጣት ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከክለቡ ፈቃድ ውጭ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ ለዝቅተኛው ደመወዝ በተጠጋ ክፍያ ይጫወታል፤ ይህ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት በግልግል ዳኝነት እያደገ የሚሄድ ክፍያ ያገኛል፤ ስድስቱ ዓመታት ሲያልቁ ነጻ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ተጫዋች ዋጋ ሲተመን ከችሎታው እኩል የሚታየው፣ በርካሽ የሚያገለግልበት ስንት ዓመት እንደ ቀረው ነው። ሶቶ ወደ ዋናው ሊግ የመጣው በሜይ 2018፣ በ19 ዓመቱ ነበር። በ2022 ክረምት ሳንዲዬጎ የተቀበለው እንግዲህ የሁለት የውድድር ዘመን ተኩል አገልግሎት ነበር፤ ዋሽንግተን በምትኩ ያገኘው ደግሞ የአምስት ወጣቶች ሙሉ ወይም ሙሉ ሊባል የሚችል የስድስት ዓመት ቆይታ ነው።

ናሽናልስ መጀመሪያ ሶቶን ለማስቀረት ሞክሮ ነበር። በጁላይ 2022 በወጣው ዜና መሠረት ለ15 ዓመታት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት አልተቀበለም። በወቅቱ ብዙ ሰው ልጁን በስግብግብነት ወቀሰው። ቁጥሩን በዓመት ሲያካፍሉት ግን 29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በቀደመው ዓመት መጨረሻ ማክስ ሸርዘር ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የፈረመው ውል በዓመት ከ43 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሶቶ በዲሴምበር 2024 ከሜትስ ጋር ለ15 ዓመታት በ765 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ወቀሳው ፍትሕ የጎደለው እንደ ነበር ታየ። የክለቡ ባለቤት የሆነው የለርነር ቤተሰብ ክለቡን የመሸጥ አማራጭ እያየ መሆኑን ያስታወቀው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በኤፕሪል 2022 ነበር። ሊሸጥ የተሰናዳ ባለቤት በገበያው ዋጋ የ15 ዓመት ዕዳ ይገባል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ሽያጩ በኋላ አልተፈጸመም፤ የሶቶ ጉዳይ ግን በዚያ ማመንታት መካከል ተወሰነ።

ስለ ወጣቶቹ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚነሳው መልማዮች ከሚሰጡት ነጥብ ነው። መልማዩ የልጁን የመምታት ችሎታ፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ ክንድ እና መከላከል ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ይመዝናል፤ 50 የዋናው ሊግ አማካይ ነው። ነጥቡ ልጁ ዛሬ ያለበትን ብቻ ሳይሆን ሊደርስበት የሚችለውንም ስለሚጨምር፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግምት ነው። ጄምስ ዉድ በልውውጡ ቀን የ19 ዓመት ልጅ ሲሆን ከዋናው ሊግ ብዙ ደረጃ ዝቅ ባለ ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። ሱሳና ገና 18 ዓመቱ ነበር። ኤብራምስ እና ጎር በአንጻሩ ዋናውን ሊግ ቀምሰው ነበር። የወቅቱ የክለቡ ኃላፊ ማይክ ሪዞ የጠየቃቸው ወጣቶች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ የሚደርሱ ነበሩ፤ ይህም በጥንቃቄ የታሰበበት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነጥብ ግን ዋስትና አይሆንም። ፍሎሪዳ ማርሊንስ በዲሴምበር 2007 ሚጌል ካብሬራን ለዲትሮይት ሲሰጥ ስድስት ወጣቶች ተቀብሏል፤ ከመካከላቸው አንድሩ ሚለር እና ካሜሮን ሜቢን በዘመኑ ከፍተኛ ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ። ለማርሊንስ ምሰሶ የሆነ ከስድስቱ አንድም አልወጣም፤ ካብሬራ ግን በ2012 በአማካይ ምት፣ በሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ በሚያሳርፍ ምት) እና ባስገባው ነጥብ ሊጉን በአንድ ጊዜ መርቶ ታሪክ ሠራ። ሶቶን መለወጥ የተቃወሙ ደጋፊዎች ወጣቶቹን «ላም አለኝ በሰማይ» ሲሉ የሚያስቡት እንዲህ ያለውን ታሪክ ይዘው ነው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ሆኖም በዋሽንግተን ላይ የደረሰው ይህ አይደለም። ልጆቹ መጥተዋል።

ዉድን ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ያብራራል። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚደርሰው ይህ ልጅ ጁላይ 1 ቀን 2024 ዋናውን ሊግ ተቀላቀለ። ጁን 29 ቀን 2025 ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተጋጣሚው ዉድን ከማስመታት ይልቅ አራት ጊዜ ሆን ብሎ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሰደደው። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዲህ የተደረገለት ተጫዋች ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ አልነበረም። ነገሩን ለዉድ እንደ ክብር የቆጠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ክብርም ነው። ነገር ግን ተጋጣሚው አሠልጣኝ ይህን ያደረገው ከዉድ ቀጥሎ የሚመታውን ሰው ስላልፈራው ጭምር ነው። ያው ዉድ የውድድር ዘመኑን በ31 ሆም ረን ሲጨርስ 221 ጊዜ ደግሞ ኳሱን ሳያገኝ በስትራይክ ወጥቷል፤ በአንድ ዓመት ከዚህ የበለጠ የወጡት በ2009 በ223 ክብረ ወሰኑን የያዘው ማርክ ሬይኖልድስ እና በ2012 222 ጊዜ የወጣው አዳም ደን ብቻ ናቸው። አብዛኛው ሆም ረን የተመታውም ከኦል ስታር ዕረፍት በፊት ነበር። ስለዚህ አንዱ ደጋፊ በሰኔው ጨዋታ፣ ሌላው በመስከረሙ ቁጥር ይሟገታል። የ22 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ሙሉ ዓመቱ ሁለቱንም ማሳየቱ ግን ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ሊያስደነግጥ የሚገባው ክለቡ የመቺዎቹን ሰልፍ በሙሉ በእርሱ ትከሻ ላይ መጣሉ ነው።

ዋናው ጉድለት ያለው ከወርዋሪዎቹ ዘንድ ነው። አንድ ቡድን በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ስለሆነ በዓመቱ ውስጥ ወደ 1,458 ኢኒንግ የሚወረውር ክንድ መገኘት አለበት። አንድ ሰው በተከታታይ ቀናት መቶ ያህል ኳስ በሙሉ ኃይሉ ቢወረውር ክንዱ ስለማይችል፣ ክለቦች አምስት ጀማሪ ወርዋሪዎችን ይመድባሉ፤ እያንዳንዱ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል። ጤናማ የሆነ ጎበዝ ጀማሪ በዓመት 32 ጊዜ ያህል ወጥቶ በያንዳንዱ ስድስት ኢኒንግ ቢሸፍን 192 ኢኒንግ ይሆናል። የቀረውን ተተኪዎቹ ይሸከማሉ። መኬንዚ ጎር በ2025 የወረወረው 160 ኢኒንግ ገደማ ነበር፤ ከጠቅላላው ዘጠነኛ እጅ ያህል ማለት ነው። አንድ ኮከብ ወርዋሪ የቱንም ያህል ቢደነቅ፣ ከቡድኑ ሥራ ዘጠኝ እጅ ስምንቱ ከእርሱ ውጭ ላሉት የተተወ ነው። ደጋፊው በአንድ ስም ላይ ሲከራከር ይህን ስሌት ይዘነጋዋል።

የመክፈቻው ቀን ስሌቱን በአደባባይ አሳየው። ማርች 27 ቀን 2025 ጎር በፊላዴልፊያ ፊሊስ ላይ ስድስት ኢኒንግ ወረወረ፤ 13 መቺዎችን በስትራይክ አስወጣ፣ አንድ ምት ብቻ ተመታበት፣ ማንንም በነጻ ወደ ቤዝ አላሳለፈም። እርሱ ከወጣ በኋላ ተተኪዎቹ ጨዋታውን መያዝ አቃታቸው፤ ናሽናልስ በአሥረኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸነፈ። ጎር የኦል ስታር ተጫዋች በሆነበት በዚያ ዓመት በስሙ የተመዘገበለት 5 ድል እና 15 ሽንፈት ነው። ወርዋሪን በድልና ሽንፈት ቁጥር መመዘን ያረጀ ልማድ ነው፤ ሆኖም ይህ ቁጥር ስለ ጎር ባይናገርም ስለ ክለቡ ይናገራል።

በ2019 ሻምፒዮን የሆነው ቡድን እንዴት እንደ ተገነባ ማስታወስ እዚህ ላይ ግድ ነው። የዚያ ቡድን አራት ዋና ጀማሪዎች ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግ፣ ፓትሪክ ኮርቢን እና አኒባል ሳንቼዝ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ክለቡ ከድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ ከሚመርጡበት ሥርዓት) አምጥቶ ያሳደገው ስትራስበርግን ብቻ ነው። ሸርዘር በሰባት ዓመት 210 ሚሊዮን፣ ኮርቢን በስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ከነጻ ገበያ የመጡ ናቸው፤ ሳንቼዝም በአነስተኛ ውል ከዚያው ገበያ ተገኘ። ያ ቡድን በሜይ መጨረሻ ገደማ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ከዚያ አንሰራርቶ ሂዩስተንን በሜዳው አራት ጊዜ በማሸነፍ ዋንጫውን ወሰደ። በሰባተኛው ጨዋታ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ ወረወረ፣ ኮርቢን ሦስቱን ያዘ፣ የመጨረሻውን ዳንኤል ሃድሰን ዘጋ። ሸርዘር ከጥቂት ቀናት በፊት አንገቱን አሞት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ነበር። የሶቶ ምቶች የማይረሱ ቢሆኑም ዋንጫው የመጣው በእነዚህ ክንዶች ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የባለቤቶቹን ልብ ሰበረ። ስትራስበርግ በዲሴምበር 2019 ለሰባት ዓመታት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ፣ ጉዳት በጉዳት ላይ እየተደራረበበት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ስምንት ጊዜ ብቻ ወደ ሜዳ ገባ። ኮርቢን በ2021 በ16፣ በ2022 በ19 ሽንፈት ሊጉን መራ። ከስትራስበርግ ውል ወዲህ ባሉት ዓመታት ናሽናልስ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ አንድም ውል አልፈረመም። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ገንዘቡም የእነርሱ ነው። የተወሰደው ትምህርት ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ወርዋሪ ሁሉ ተሰባሪ መሆኑ ብዙ ክንድ አስቀድሞ ለማከማቸት ምክንያት መሆን ሲገባው፣ ክለቡ ምንም ላለመግዛት ምክንያት አደረገው።

ወርዋሪን ከሥር ማሳደግ ብቻውን እንደማያዋጣ ዋሽንግተን ከራሱ ልጆች አይቷል። ኬድ ካቫሊ የ2020 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነበር፤ በ2023 ጸደይ ክርኑ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ዋናው ሊግ የተመለሰው በኦገስት 2025 ነው። ሸርዘር እና ትሬ ተርነር በ2021 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲለወጡ የመጣው ጆሳያ ግሬይ በ2023 ኦል ስታር ሆኖ፣ በ2024 ክረምት ያው ቀዶ ሕክምና ደረሰው። ይህ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 ለቶሚ ጆን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው፣ የተበጠሰውን የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት የሚተካ ሕክምና ሲሆን፣ ወርዋሪውን ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ያርቀዋል። ሱሳናም በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወረውር ክንድ ይዞ ጉዳት አዘግይቶታል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም፤ መልማዮቹም አልተሳሳቱም። ሦስት ክንድ ከፈለጉ ስድስት መያዝ የሥራው ጠባይ ነው፤ ስድስቱንም ከድራፍትና ከልውውጥ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

ሳንዲዬጎ ሶቶን እንዴት እንደ ተጠቀመበት ማየት ለዚህ ክርክር ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። ፓድሬስ በ2022 እስከ ሊጉ ፍጻሜ ደርሶ በፊላዴልፊያ ወደቀ፤ በ2023 ከነሶቶ ለማጣሪያው እንኳ አልበቃም። በዲሴምበር 2023 ለኒውዮርክ ያንኪስ አሳልፎ ሲሰጠው የጠየቀው ወርዋሪዎችን ነበር። ከመጡት መካከል ማይክል ኪንግ ወዲያውኑ ዋና ጀማሪ ሆነ፤ ድሩ ቶርፕ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ከተላኩት ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን በምትኩ ዲላን ሲስ መጣ። በአንድ መቺ ምትክ ሳንዲዬጎ ከአምስቱ የወርዋሪዎች ተራ ሁለቱን ሞላ፤ በ2024ም 93 ጨዋታ አሸነፈ። ጁላይ 25 ቀን 2024 ሲስ ዋሽንግተን ድረስ መጥቶ ዘጠኙንም ኢኒንግ አንድ ምት ሳይመታበት ጨረሰ፤ በዚያ ቀን ከተሸነፉት ናሽናልሶች መካከል ኤብራምስ እና ዉድ ነበሩ። ሳንዲዬጎ ወጣቶቹን ሁሉ አጥቶም መጫወት የቻለው ክንድ መግዛቱን ስላላቋረጠ ነው።

የ60 ኪሎ ሜትር ጎረቤቱ ባልቲሞር ኦሪዮልስ ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ኦሪዮልስ ከድራፍት ባመጣቸው ወጣት መቺዎች ተገንብቶ በ2023 101 ጨዋታ አሸነፈ፤ ብዙዎችም የግንባታ አርአያ አድርገው ጠቀሱት። ወርዋሪን በተመለከተ ግን ትልቁ እርምጃው ኮርቢን በርንስን በ2024 ለአንድ ዓመት ማምጣት ነበር። በርንስ ውሉን ጨርሶ ወደ አሪዞና ሄደ፣ የሚተካው ተመጣጣኝ ክንድ አልተገዛም፣ በ2025 ቡድኑ 87 ጊዜ ተሸንፎ ከምድቡ መጨረሻ ሆነ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሁለቱን ክለቦች በአንድ ክረምት ጎን ለጎን ማየት ስለምንችል፣ ልጆቻችንም በየሰፈሩ ሜዳ የሁለቱን ኮፍያ አድርገው ስለሚያድጉ፣ ንጽጽሩ ከሌላው አንባቢ ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል።

የዝውውር ወሬ ጉዳይም የዚሁ ክርክር አካል ነው። የልውውጡ ገደብ በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ስለሚውል፣ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት በወሬ ይሞላሉ። ወሬው ሁሉ ፈጠራ አይደለም፤ አብዛኛው ግን ከአንድ ባለጉዳይ የሚወጣ ነው። የተጫዋቹ ወኪል የደንበኛውን ዋጋ ለማሳየት፣ ሻጩ ክለብ ተፎካካሪ ገዢ ያለ ለማስመሰል፣ ገዢው ደግሞ ደጋፊውን ለማረጋጋት ለጋዜጠኛ ይናገራል። ሪዞ በጁን 2022 በሬዲዮ ቀርቦ ሶቶን አንለውጥም ሲል በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ለወጠው። ሰውየው ዋሽቷል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በተናገረበት ሰዓት ግን 440 ሚሊዮኑ ውድቅ የመደረጉ ዜና ገና አልወጣም፣ ሻጭ መሆኑን የሚያውጅ ኃላፊም ዋጋውን በገዛ አፉ ያረክሳል። ደጋፊ እንዲህ ያለ ንግግር ሲሰማ «እውነት ነው ወይ» ከማለት በፊት «ይህ መውጣቱ ማንን ይጠቅማል» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ ይረዳል። ሶቶም የቀረበለት ገንዘብ አደባባይ መውጣቱ እንዳሳዘነው በወቅቱ ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ የዜናው መውጣት ደጋፊውን በልጁ ላይ ማስነሳቱን ሳስብ ቅሬታው ይገባኛል።

በጁላይ 2025 ወሬው ወደ ጎር ዞረ። ክለቡ በዚያው ወር መጀመሪያ፣ ጁላይ 6፣ ከ2009 ጀምሮ የመራውን ሪዞን እና አሠልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናብቶ ነበር። የድራፍቱን የመጀመሪያ ምርጫ በጊዜያዊ አመራር ሥር ለ17 ዓመቱ ኢላይ ዊሊትስ አዋለ። የልውውጡ ገደብ ሲያልፍ ጎር በዋሽንግተን ቀረ። በመጸው ወራት ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒ የክለቡን ቤዝቦል ሥራ ተረከበ፣ የ33 ዓመቱ ብሌክ ቡቴራ አሠልጣኝ ሆነ። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ጎር ወደ ቴክሳስ ሬንጀርስ ተላከ፤ በምትኩ አምስት ወጣቶች መጡ።

በሶቶ ልውውጥ ከመጡት ሁሉ ወርዋሪ ሆኖ ፍሬ ያፈራው ጎር ብቻ ነበር። እርሱን በአምስት ወጣቶች መለወጥ ማለት ግንባታው በ2022 ከነበረበት ቦታ እንደገና ይጀመራል ማለት ነው። አዲሱ አመራር የሚያቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም፤ ጎር ነጻ የሚሆነው በ2027 መጨረሻ ነው፣ ቡድኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ለዋንጫ ካልደረሰ ደግሞ በከንቱ ይሄዳል። ስሌቱ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ሆኖም ተመሳሳይ ስሌት በ2028 ነጻ የሚሆነውን ኤብራምስን፣ ቀጥሎም በ2030 ነጻ የሚሆነውን ዉድን ለመለወጥ ያገለግላል። ከቴክሳስ የመጡት አብዛኞቹ ልጆች ወደ ዋናው ሊግ ለመድረስ ዓመታት የሚቀራቸው ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ኤብራምስ በዋሽንግተን ለመቆየቱ ዋስትና የለም።

ይህን አዙሪት ለመስበር የሚያስፈልገው እርምጃ በስም የሚጠራ ነው። ለዉድ ከስድስቱ ዓመታት አልፎ የሚሄድ ውል በገበያው ዋጋ ማቅረብ፣ ከነጻ ገበያ ቢያንስ አንድ በአማካይ ከ170 ኢኒንግ በላይ የሚሸፍን ጀማሪ ማምጣት፣ ከካቫሊ እና ከግሬይ ጎን የሚቆሙ ተጨማሪ ክንዶችን ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ መያዝ። ሦስቱም የባለቤቱን ፊርማ እንጂ የመልማዩን ዓይን የሚጠይቁ አይደሉም። የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት በዲሴምበር 1 ቀን 2026 ስለሚያበቃ ብዙ ክለቦች ገንዘባቸውን ይዘው መጠበቅን ይመርጡ ይሆናል። ዉድ የሚጠብቅበት እያንዳንዱ ዓመት ግን ከስድስቱ ዓመታት ላይ እየተቀነሰ ነው።